የሳይንስ ኦፕን ሶርስ ላይ ማዋጣት ከፈለጋችሁ፣ የትኛው ፕሮጀክት ይሻላችኋል?

«ኦፕን ሶርስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብሎ ስለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር፣ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጊትሃብ ግባና ቀላል ኢሹ ፈልግ» ነው፤ ጊትሃብ ኮድ በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ ነው፣ ኢሹ ደግሞ እዚያ የተመዘገበ ስህተት ወይም የሚሠራ ነገር። ይሄ ምክር ሰው ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም። ታዋቂ ፕሮጀክት ላይ «ለጀማሪ ይሆናል» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ኢሹ ገና ሳይደርቅ «እኔ ልሥራው» የሚል ሰው ይሰለፍበታል፤ ብዙዎቹም ብለው ይጠፋሉ። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ኢሹ» ሳይሆን «የትኛው ፕሮጀክት» ነው መሆን ያለበት።

እዚህ ስድስት አማራጮችን አነጻጽራለሁ፤ ናምፓይ (የቁጥር ስሌት)፣ ሳይኪት-ለርን (ማሽን ለርኒንግ)፣ አስትሮፓይ (ሥነ ፈለክ)፣ ኪውጂአይኤስ (ካርታ)፣ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ) እና የራስን የአር ጥቅል መሥራት፤ አር የስታትስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፣ ጥቅል ደግሞ ሌላው ሰው ጭኖ የሚጠቀምበት የኮድ ስብስብ። ሁሉም በሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ ለአዲስ ሰው የሚከፍቱት በር ግን በጣም ይለያያል።

## በምን እንለካቸው?

ከሁሉ የሚቀድመው፣ ሶፍትዌሩን ራሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ወይ የሚለው ነው። የሳይንስ ሶፍትዌር አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሳይቆም፣ ምንም ቀይ ጽሑፍ ሳያወጣ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘው ኮድ የሚያቀላጥፈው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ በስንትና በስንት መካከል መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ነርስ፣ የአፈር ተመራማሪ፣ ቀያሽ፣ የስታትስቲክስ መምህር፣ እናንተ ከምታስቡት በላይ ትፈለጋላችሁ። የማትጠቀሙበት ሶፍትዌር ላይ ግን ይሄ ዕውቀታችሁ አያገለግልም፤ ፊደል ግድፈት አርማችሁ ትወጣላችሁ።

ሁለተኛው ለአዲስ ሰው በስንት ቀን ይመልሳሉ ነው። ይሄ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ተለክቶ ይታወቃል። የፕሮጀክቱ ጊትሃብ ላይ ግቡና የተዘጉ ፑል ሪኩዌስቶችን፣ ማለትም ሰዎች ይግባልን ብለው የላኳቸውን የኮድ ለውጦች፣ ክፈቱ። ፕሮጀክቱን ከሚያስተዳድሩት ሜንቴይነሮች ውጭ ያሉ ሰዎች የላኳቸውን አሥር ያህል ምረጡ። ከተላኩበት ቀን እስከ መጀመሪያው የሰው መልስ ስንት ቀን እንደፈጀ ተመልከቱ። ቦት የጻፈው አይቆጠርም። በዚያው የመልሱን ቃናም አንብቡ፤ ሰው የሚያበሻቅጥ ሜንቴይነር ካለ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል። የኮከቡን ብዛት ግን እርሱት፤ ኮከብ የሚነግራችሁ ስንት ሰው እንደወደደው እንጂ ስንት ሰው እንደሚመልስላችሁ አይደለም።

ሦስተኛው ዝግጅቱ ነው። ኮዱን አውርዶ፣ ኮምፓይል አድርጎ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ ቀይሮ)፣ ቴስቱን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትነውን) እስኪያስኬዱ ድረስ ስንት ሜጋባይትና ስንት ሰዓት ይበላል? መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔት በጥቅል ዳታ በሚገዛበት ቦታ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። መመሪያዎቹን የሚጽፉት አብዛኞቹ ሰዎች ፈጣን መስመር ላይ ስለተቀመጡ ጉዳዩን አያነሱትም።

አራተኛው ምን ይተርፋችኋል ነው። ለሥራ ማመልከቻ የሚታይ ኮድ? ለዶክትሬት ማመልከቻ የሚሆን የታተመ ነገር? ወይስ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያስቸገረ ችግር መፍትሔ? ሦስቱ የተለያዩ ፕሮጀክቶች ያስመርጣሉ።

ፈቃዱም አለ፣ ግን በአጭሩ ልለፈው። ከስድስቱ ኪውጂአይኤስ ጂፒኤል ነው፤ ቀይሮ የሚያሰራጭ ሰው ኮዱን በዚያው ፈቃድ ክፍት ማድረግ አለበት። ናምፓይ፣ ሳይኪት-ለርን፣ አስትሮፓይና ዲኤችአይኤስ 2 ቢኤስዲ ናቸው፤ ይሄ ልል ፈቃድ ነው። በአር ፈቃዱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ፤ በሥራ ሰዓት የተጻፈ ኮድ የመሥሪያ ቤቱ ነው የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

## ናምፓይ

ፓይተን በሚባለው ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚሠራ ሳይንስ መሠረቱ እሱ ነው። ስሪት 1.0 በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ወጣ፤ 2.0 የመጣው በሰኔ 2024 ነው፣ ከ18 ዓመት በኋላ። ይህ ቁጥር ብቻ ጠባዩን ይነግራችኋል። በላዩ ላይ የተሠራው ነገር ከመብዛቱ የተነሳ አንዲት ትንሽ ለውጥ የማታውቁትን ሰው ሥራ ልትሰብር ትችላለች፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከባድ ነው። ትልቅ ለውጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መደበኛ የሐሳብ ሰነድ ጽፎ ያከራክራል። ልቡ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው።

ሲ የምትችሉና ትዕግሥት ያላችሁ ሂዱ። ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አልመክረውም። ዶክመንቴሽኑ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ምሳሌ ለሌላቸው ፈንክሽኖች ምሳሌ መጻፍ እውነተኛ ጥቅም አለው። «ናምፓይ ላይ ሠርቻለሁ» ለማለት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ በተመሳሳይ ድካም ብዙ ታተርፋላችሁ።

## ሳይኪት-ለርን

በ2007 የጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ለኦፕን ሶርስ ሥራ ክፍያ የሚሰጥ ፕሮግራም) ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ። በ2010 ፈረንሳይ ያለው ኢንሪያ የምርምር ተቋም ይዞት የመጀመሪያው ይፋዊ ስሪት ወጣ። ዛሬ ማሽን ለርኒንግ የተማረ ሰው ሁሉ ነክቶታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መለኪያ ብዙዎቻችሁ ታልፋላችሁ።

እዚህ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ጀማሪው «አዲስ አልጎሪዝም ልጨምርላቸው» ብሎ ይመጣል። አይቀበሉም። ደንባቸው ግልጽ ነው፤ አልጎሪዝሙ ከታተመ ቢያንስ 3 ዓመት ሊሆነው፣ ከ200 በላይ ጊዜ የተጠቀሰና በሰፊው የሚሠራበት ሊሆን ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ የፈጠራችሁት ዘዴ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቦታው እዚያ አይደለም። እኔ ይሄን ደንብ እወደዋለሁ፤ ፕሮጀክቱ የሰው ሁሉ ቴሲስ መጣያ እንዳይሆን የጠበቀው እሱ ነው። ዘዴያችሁን ለብቻው እንደ ትንሽ ጥቅል አውጡትና የሳይኪት-ለርንን አሠራር እንዲከተል አድርጉት፤ ተጠቃሚ ካለው ይመጣል።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይሠራል? ቴስት፣ ግልጽ ያልሆነ የስህተት መልእክት ማስተካከል፣ ዶክመንቴሽን፣ አንድ ዓይነት ማስተካከያ በብዙ ፋይሎች ላይ የሚፈልጉ የጋራ ኢሹዎች። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ለጀማሪ በጣም ጥሩ ናቸው፤ የቀደመው ሰው እንዴት እንደሠራው አይታችሁ አንዱን ፋይል ትይዛላችሁ። አንድ ፑል ሪኩዌስት ለመግባት የሁለት ዋና አዘጋጆች ይሁንታ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚዘገየው። መዘግየቱን እንደ ጥላቻ አትቁጠሩት። ዝግጅቱ መካከለኛ ነው፤ ሳይተን በሚባል የፓይተን ዝርያ የተጻፈ ኮድ ስላለው ኮምፓይል ሲደረግ ደካማ ላፕቶፕ ትንሽ ያቃስታል።

## አስትሮፓይ

አስትሮኖሚ ለማይሠራ ሰው ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ ከስድስቱ በጣም የምወደው ግን እሱ ነው። በ2011 የተጀመረው እያንዳንዱ የሥነ ፈለክ ቡድን የየራሱን ተመሳሳይ ኮድ መጻፉ ስለሰለቸው ነው። ጊዜን፣ የሰማይ መጋጠሚያዎችን፣ የመለኪያ አሃዶችን ይይዛል።

ለአዲስ ሰው የሚመቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው ኮድ ንጹሕ ፓይተን ነው፤ ሲ የሆነው ክፍል ጥቂት ስለሆነ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ በዋናው ጥቅል ዙሪያ ተባባሪ ጥቅሎች አሉ፤ ለምሳሌ ፎቱቲልስ የከዋክብትን ብርሃን ከምስል ላይ ለመለካት፣ ሲሲዲፕሮክ የካሜራ ምስሎችን ለማጽዳት። እነዚህ ጥቂት ሰው የሚሠራባቸው በመሆናቸው አንድ ጥሩ ፑል ሪኩዌስት ቶሎ ይታያል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የዚያን ዓይነት ምስል የሚያቀነባብር ተማሪ ከነዚህ መሣሪያዎች የተሻለ መለማመጃ አያገኝም።

የሚተርፈውም አለ። ፕሮጀክቱ በ2013፣ በ2018ና በ2022 ስለራሱ የምርምር ጽሑፍ አሳትሟል፤ አዋጪዎችም በደራሲነት ተዘርዝረዋል። ለዶክትሬት ለሚያመለክት ሰው ይሄ ጊትሃብ ላይ የሥራችሁን ብዛት ከሚያሳይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይበልጣል።

ጉድለቱ? የሥነ ፈለክ ዕውቀት ከሌላችሁ ወደ ውስጥ መግባት ይከብዳል። የአሃዶች ክፍል ግን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የሚገባው ነው።

## ኪውጂአይኤስ

ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የካርታና የጂኦግራፊ መረጃ ሶፍትዌር ነው። በየ4 ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል። ዋናው ኮድ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ሙሉውን ከምንጩ መገንባት ደካማ ማሽን ላይ ሰዓታት ይወስዳል፣ ዲስክም ይበላል። ይሄንን ሲሰሙ ብዙዎች ይሸሻሉ። አትሽሹ፤ ሌላ በር አለ።

ፕለጊን፣ ማለትም በሶፍትዌሩ ላይ የሚታከል ተጨማሪ መሣሪያ፣ በፓይተን ይጻፋል፤ ኮምፓይል የሚባል ነገር የለም። የጫናችሁትን መደበኛ ኪውጂአይኤስ ከፍታችሁ ፕለጊን ቢልደር የሚባለውን መነሻ አጽም ማውጫ ትጠቀማላችሁ፤ ኮዱን ስትቀይሩ ፕለጊን ሪሎደር ሶፍትዌሩን ሳትዘጉ ያድስላችኋል። ሲያልቅ ወደ ይፋዊው ማከማቻ ትልካላችሁ፣ ሰው አይቶ ያጸድቃል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመነሻና ለመላኪያ ብቻ ነው። ፕለጊናችሁ ከጂፒኤል ጋር የሚስማማ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ስለሆነ ኮዱን ደብቆ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከአሁኑ ይወቀው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በካርታ የሚሠራ ሰው አዲንዳንን ያውቀዋል። የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩበት የመነሻ ሥርዓት ነው፤ ከጂፒኤስ ነጥብ ጋር ሳይቀየር ሲደረብ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ድንበር የሚለካ ሰው ይሄ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ይገባዋል። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር፤ በኪውጂአይኤስ መስኮት ላይ ያያችሁት ስህተት የኪውጂአይኤስ ላይሆን ይችላል። መጋጠሚያ የሚቀይረው ከሥር ያለው ፕሮጅ የሚባል ሌላ ኦፕን ሶርስ ነው። ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ከማስመዝገባችሁ በፊት ፕሮጅን ለብቻው አስኪዳችሁ ያው ስህተት ይመጣ እንደሆነ እዩ። ከመጣ፣ ኢሹው የሚከፈተው እዚያ ነው። በትክክለኛው ቤት የተከፈተ ኢሹ ግማሽ ሥራው እንደተሠራ ነው።

## ዲኤችአይኤስ 2

ይሄ ንጹሕ የሳይንስ ሶፍትዌር ነው ወይ ብሎ የሚከራከር ይኖራል። የጤና መረጃ ሥርዓት ነው፤ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስበው በዚሁ ነው። የወረርሽኝ ጥናት መነሻ የሆነ ቁጥር ከዚያ የሚወጣ ከሆነ ለእኔ ይበቃኛል።

በሀገራችን ላለ ሰው ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የኢትዮጵያን ካላንደር ይደግፋል። አንድ ሲስተም የሚይዘው አንድ ካላንደር ብቻ ስለሆነ ምርጫው የሁሉም ተጠቃሚ ነው። አሁን አስቡት። 13 ወር፣ አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን የሚሆን ጳጉሜ፣ የፈረንጅን 12 ወር በልቡ ይዞ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ። በእኛ አቆጣጠር የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት፣ የ2016 ግን 5። ቻርት የሚስል፣ ሩብ ዓመት የሚቆርጥ፣ ዕድሜ የሚያሰላ አፕ ሁሉ እዚህ ድንበር ላይ መፈተን አለበት። ኦስሎ የተቀመጠው ፕሮግራመር ጳጉሜ 6ን አስቦ ላይፈትን ይችላል፤ እናንተ ግን ኖራችሁበታል። ይሄ ማንም የማይቀማችሁ ዕውቀት ነው።

የውስጥ ኮዱ ጃቫ ነው፤ የሚሠራበት ደግሞ ደመወዝተኛ ቡድን ነው። ስለዚህ የውጭ ሰው እዚያ ለውጥ ለማስገባት የእነሱን ዕቅድ መጠበቅ አለበት። ለውጭ ሰው የተከፈቱት በሮች ሦስት ናቸው፦ በሪአክት (የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) የሚሠሩ አፖች፣ ትራንስፌክስ በሚባል የትርጉም ድረ ገጽ የሚሠራ ትርጉም፣ እና ጥሩ የባግ ሪፖርት። ባጎች የሚመዘገቡት ጂራ በሚባል ሌላ መከታተያ ላይ እንጂ ጊትሃብ ኢሹ ላይ አይደለም። ለመሞከር የሴራሊዮን ናሙና ዳታ ያለበት የሙከራ ሰርቨር አላቸው፤ ምንም ሳትጭኑ በብራውዘር ትገባላችሁ። ኦስሎ ከአዲስ አበባ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ብቻ ስለሚለይ የጠዋት ጥያቄ ከሰዓት ሊመለስ ይችላል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። የታካሚ መረጃ ያለበት ስክሪንሾት በባግ ሪፖርት አታያይዙ። ስሙን ደብዘዝ አድርጌዋለሁ አይሠራም። ስህተቱን በሙከራ ሰርቨሩ ላይ በፈጠራ ቁጥር ደግማችሁ አሳዩ። ይሄ የታካሚውን ምስጢር ከመጠበቁም በላይ ለሚያስተካክለው ሰው ይቀለዋል።

## የራስ የአር ጥቅል

ፕሮጀክት ከመቀላቀል ይልቅ የራስን መሥራት አንዳንዴ ይሻላል፣ በተለይ መስካችሁ ጠባብ ከሆነ። የአር ጥቅሎች ዋና ማከማቻ በሆነው ክራን ላይ ከ20,000 በላይ ጥቅሎች አሉ፤ የእናንተን ሥራ የሚሠራ ግን ላይኖር ይችላል። ክራን መግቢያው ጥብቅ ነው፤ ከገባችሁም በኋላ ችግር ሲገኝ ካላስተካከላችሁ ጥቅሉን ከዝርዝሩ ያነሱታል። ማለትም ሥራው አያልቅም።

መልካሙ ነገር የምርምር ጽሑፍ ሊሆን መቻሉ ነው። አርኦፕንሳይ የሚባለው የአር ተጠቃሚዎች ማኅበረሰብ ጥቅሉን በግልጽ የሚገመግሙ ሰዎች ይመድብላችኋል፤ ጆስ የሚባለው ከ2016 ጀምሮ ያለ መጽሔት ደግሞ ሶፍትዌርን እንደ ጥናት ገምግሞ ያለ ክፍያ ያትማል። ግምገማው ጊትሃብ ላይ በአደባባይ ነው። ለማሳተሚያ የሚከፈል ገንዘብ ለሌለው ተመራማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጆስ አርን ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ በፓይተንም የሠራችሁትን ይወስዳል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለጀማሪ የሚሻለው በር | የሚፈልገው | ዝግጅቱ | የሚተርፈው |
|---|---|---|---|---|
| ናምፓይ | ዶክመንቴሽን፣ ምሳሌዎች | ፓይተን፤ ለውስጡ ሲ | መካከለኛ | ስም፣ የጥንቃቄ ልምድ |
| ሳይኪት-ለርን | ቴስት፣ የጋራ ኢሹዎች | ፓይተን፣ ስታትስቲክስ | መካከለኛ | ለሥራ ማመልከቻ የሚታይ ኮድ |
| አስትሮፓይ | ተባባሪ ጥቅሎች | ፓይተን፣ ፊዚክስ | ቀላል | የኮድ ግምገማ (ሪቪው)፣ የደራሲነት ዕድል |
| ኪውጂአይኤስ | ፕለጊን | ፓይተን፣ የካርታ ዕውቀት | ፕለጊን ቀላል፣ ዋናው ከባድ | ለመሥሪያ ቤት የሚሆን መሣሪያ |
| ዲኤችአይኤስ 2 | የባግ ሪፖርት፣ ትርጉም፣ አፕ | የጤና መረጃ ልምድ፤ ለአፕ ጃቫስክሪፕት | ለሙከራ ምንም | አገር ውስጥ የሚታይ ለውጥ |
| የራስ የአር ጥቅል | ትንሽና ጠባብ ሥራ | አር፣ የመስክ ዕውቀት | ቀላል | የታተመ ጽሑፍ |

## ለማን የትኛው?

ዳታ የሚቆጥብ፣ ላፕቶፑ የደከመ ሰው የኪውጂአይኤስ ፕለጊን ወይም የአር ጥቅል ይሥራ። የግድ ትልቅ ፕሮጀክት ካላችሁ ኮዱን ስታወርዱ ሙሉ ታሪኩን አትሳቡ፤ የጊት ጥልቀት አማራጭን 1 አድርጋችሁ የመጨረሻውን ብቻ ውሰዱ፣ ልዩነቱ ብዙ ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ብቻ ከደከመ የጊትሃብ ኮድስፔስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የእነሱ ማሽን፣ አለ፤ ለግል አካውንት በወር ባለ 2 ኮር ማሽን ላይ 60 ሰዓት በነጻ ይሰጣል። ኮምፓይሉ እነሱ ዘንድ ይሠራል። ሥራ ስትጨርሱ ማሽኑን አቁሙት፤ አለበለዚያ በራሱ እስኪቆም ድረስ ሰዓቱ ዝም ብሎ ይቆጥራል።

የዶክትሬት ማመልከቻ ያሰበ ሰው፣ አስትሮፓይ ወይም ጆስ። ኢንዱስትሪ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ፣ ሳይኪት-ለርን፤ ቀጣሪው ስሙን ያውቀዋል፣ የሪቪው ንግግራችሁንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። ጤና ቢሮ የሚሠራ፣ ሳያመነታ ዲኤችአይኤስ 2። ኮድ የማይጽፍ ሰውም ዲኤችአይኤስ 2ና ኪውጂአይኤስን ይመልከት፤ ሁለቱም ተርጓሚና የሚፈትን ሰው ይፈልጋሉ።

ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ከ2022 ወዲህ ተማሪ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ክፍያው እንደ አገሩ ይለያያል። አውትሪቺ የሚባለው የኦፕን ሶርስ የሥራ ልምምድ ፕሮግራም ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ለ3 ወር ሥራ 7,000 ዶላር ይከፍላል። አውትሪቺ ላይ ከመመረጣችሁ በፊት የግድ ፕሮጀክቱ ላይ ታዋጣላችሁ፤ ሰመር ኦፍ ኮድም ቢሆን ሜንቶሮቹ የሚመርጡት ሲሠራ ያዩትን ሰው ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ የሚሮጥ ይቀደማል። ለዚያ ካሰባችሁ ከወራት በፊት ግቡ።

ኮዱን በቻትጂፒቲ አስጽፎ መላክን በተመለከተ፣ ብዙ ፕሮጀክቶች ደንብ እያወጡ ነው፤ ከመላካችሁ በፊት አንብቡት። ሪቪው የሚያደርገው ሰው «ይሄ መስመር ለምን አስፈለገ?» ሲል ራሳችሁ መመለስ ካልቻላችሁ ያኔውኑ ይነቃባችኋል። ሰዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚያነቡላችሁ፣ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ።

ልካችሁ ዝም ከተባለ ሁለት ሳምንት ጠብቁና በአንድ አጭር መልእክት አስታውሱ። ከዚያም ዝም ካሉ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ፑል ሪኩዌስቱን አትዝጉት፤ ከወራት በኋላ አንድ ሰው አንስቶ ያስገባዋል፣ እኔም ረስቼው ሳለሁ እንዲህ የገባልኝ አለ።